ቫልቭ ከተተካ በኋላ ክትትሉ የት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከልብ ሕመም ጋር የተወለዱ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጋዜጦች በደስታ ይዘግባሉ፤ ይገባልም። ዶክተር በላይ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው ብዙ የደከሙበት የልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እስኪከፈት ድረስ ወላጆች ተስፋ የሚያደርጉት የውጭ አገር ሕክምናን ነበር። ነገር ግን በዘገባዎቹ ውስጥ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከላከለው የልብ በር፣ የተተካለት ልጅ ልቡ ላይ የነበረው ቀዳዳ ከተደፈነለት ልጅ እኩል «ድኗል» ተብሎ መታለፉ ያሳስበኛል።

ቀዳዳ በጊዜው ከተደፈነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በዚያው ያበቃል። የተተካ ቫልቭ ግን ከልጁ ጋር ስለማያድግ፣ ልጁ ከፍ ሲል ዳግም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ከእንስሳት አካል የሚዘጋጀው ዓይነት በሕፃናት ላይ ከአዋቂዎች ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል፤ ሜካኒካል የሚባለው ደግሞ ብዙ ዓመት ቢያገለግልም ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልክ መውሰድን ያስገድዳል። ሐኪሞች በተቻለ መጠን የልጁን የራሱን ቫልቭ መጠገን የሚመርጡትም ስለዚህ ነው።

ዋርፋሪን ታዝዞ የሚተው መድኃኒት አይደለም። ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ሲበዛ ደግሞ ያደማል። ልኩ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባለው የደም ምርመራ ሲሆን፣ ምርመራው በየጊዜው መደጋገም አለበት። ጎመን እንኳ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ በጾም ወራት ጎመን የሚያዘወትር ቤተሰብ፣ ልጁ ጎመን መተው ሳይሆን መጠኑን ማመጣጠን እንዳለበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ለሴት ልጅ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ መድኃኒቱ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዛሬ በሰባት ዓመቷ የሚመረጥላት ቫልቭ ነገ እናት ስትሆን የሚገጥማትን አደጋ ጭምር ይወስናል።

ስለዚህ የቫልቩ ዓይነት ከመወሰኑ በፊት ቤተሰቡ የት እንደሚኖርና ምርመራውን በቅርብ ማግኘት መቻሉ መጠየቅ አለበት። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም አይኤንአርን የሚለካው አነስተኛ መሣሪያም ከነመመርመሪያ ወረቀቱ በየክልሉ ሆስፒታሎች ቢኖር፣ ለአንድ የደም ምርመራ ሲባል አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ ይቀር ነበር። ጋዜጣችሁም ስለ አንድ ልጅ የተሳካ ቀዶ ሕክምና ሲዘግብ፣ ዋርፋሪኑን የሚከታተልለት የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አብሮ እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ የጤና ባለሙያ፣ ከደሴ