የቀኙ በር አንቺን ይጠብቃል

ጎንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለጥምቀት ስትመጪ የአያትሽን ቮልስ በሮች በገዛ እጅሽ ልትፈቺ እንደምትፈልጊ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት፤ እጅግም ደስ አለኝ። የግራውን በር ባለፈው ሳምንት ከጎረቤታችን ጋር አውርደነዋል፤ የቀኙን ግን አልነካሁትም፤ እርሱ ያንቺ ነው። ሥራው ቀላል መስሎ የሚያሳስት ስለሆነ ከመምጣትሽ በፊት የማውቀውን ልጽፍልሽ ወደድሁ።

ካቻቢቴ ከማንሳትሽ በፊት በሩን ዝጊና ዙሪያውን ያለውን ክፍተት ለክተሽ ጻፊ። የግራው በር በኋላ ጠርዙ በኩል ከላይ 3 ሚሊ ሜትር፣ ከታች 7 ሚሊ ሜትር ነበረ። እንዲህ ያለ ክፍተት ሲታይ ሁሉም ሰው «ማጠፊያው አልቋል» ይላል፤ ነገር ግን የመኪናው አካል ራሱ መሐል ላይ ሲረግብም የሚታየው ምልክት ያው ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ በመሆኑ ሙቀቱ ወደ ፊት የሚያልፈው ከበሮቹ ሥር በተዘረጋው ውስጡ ክፍት በሆነ ላሜራ በኩል ነው፤ አካሉ ከወለሉ ጋር የሚታሰረውም በዚሁ ላይ ስለሆነ፣ ዝገት ይህን ላሜራ ከበላው አካሉ የሚደግፈው ያጣል። ሁለቱን ለመለየት በሩን በትንሹ ክፈቺና ጫፉን በሁለት እጅሽ ወደ ላይ አንሺው። ማጠፊያው ላይ ከተንቀሳቀሰ ያለቀው ማጠፊያው ነው፤ ካልተንቀሳቀሰና ክፍተቱ ግን ከተበላሸ ጉዳቱን ከሥር ፈልጊው። የግራው ተንቀሳቅሷል፤ አያትሽ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ጠጠር መንገድ ስንት ዓመት እንደተመላለሱባት ታውቂያለሽ።

ቮልስ ባለ ሁለት በር ናት፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት ነው የሚገባው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በእንዲህ ያለች መኪና ነበር። በሮቿ ሁለት ብቻ በመሆናቸው እያንዳንዱ ሰፊና ከባድ ስለሆነ ብቻሽን አትፍቺው። ክሪክ ከሥሩ አስገቢና በላዩ ብርድ ልብስ አጥፈሽ አኑሪ፤ አስቀድመሽ የበሩን መከፈት የሚገድበውን ብረት አላቅቂ፤ ከዚያ የታችኛውን ማጠፊያ፣ በመጨረሻ የላይኛውን ፍቺ። ማጠፊያው በበሩ በኩል የተበየደ ነው፤ የሚፈታው ከምሰሶው ሲሆን፣ የሚይዙትም ባለ መስቀል ራስ ወፋፍራም ብሎኖች ናቸው። እነዚህን በተራ ካቻቢቴ አትታገያቸው፤ ራሳቸው ከተበላ በመሰርሰሪያ ከመብሳት በቀር ሌላ መንገድ የለም። በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ካቻቢቴ ተጠቀሚ። ከመፍታትሽ በፊትም የማጠፊያውን ዙሪያ ምሰሶው ላይ በመርፌ ጫፍ ጭረሽ ምልክት አድርጊበት። የግራው ማጠፊያ ከቦታው ሲነሳ ከሥሩ የመጀመሪያው ቀለም ታየ፤ ጸሐይ ያልነካው ውኃ ሰማያዊ ነው። እናትሽ «ልክ እንዲህ ነበረች» አለችኝ።

የበሩን ሆድ ስከፍት ደቃቅ አፈር እንደ ጭቃ ተጋግሮ ከታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ደፍኗቸው አገኘሁ። በጎንደር ክረምት በመስታወቱ በኩል የሚገባው ዝናብ መውጫ አጥቶ ላሜራውን ከውስጥ በልቶታል። የቀኙንም በሽቦ ጥረጊው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ይህችኑ መኪና ለአንድ ጋራዥ ሰጥቻት ነበር። በሮቹን ለብቻ ቀብተው ገጠሟቸው፤ ክፍተቱ እንቢ ሲላቸው ጠርዙን ጣት በሚያህል ስቱኮ ሞሉት፤ ስቱኮውም ክረምቱ ሳይወጣ ተሰነጠቀ። አያትሽ ስንጥቁን በጣታቸው እየዳሰሱ ዝም ያሉትን ዝምታ እስካሁን አልረሳሁትም። በዚህ ምክንያት አሁን ቀለም የመጨረሻው ሥራ ይሆናል። ከሥር ያለውን ላሜራ ብንቆርጥ እንኳ አስቀድመን የበሩን አፍ በብረት ወጥረን እንበይዳለን፤ ከብየዳውም በኋላ በሩን ባዶውን ሰቅለን ክፍተቱን እናያለን።

ስንገጥመው ጎሚኒውንም፣ በሩ ሲዘጋ የሚነክሰውን ብረትም አንስተን በሩ በማጠፊያው ብቻ ይንጠልጠል። ብሎኖቹ የሚገቡበት ምሰሶ ውስጥ ያለው ብረት ጥቂት ስለሚንቀሳቀስ በሩን ወደ ላይም ወደ ፊትም መግፋት ይቻላል። መጀመሪያ የኋላ ጠርዙን ከአካሉ መስመር ጋር እናስተካክል፤ መስታወቱን አስገብተን ክብደቱ ሲያርፍበት ደግመን እንለካ፤ ከዚያ ጎሚኒው፣ የሚነክሰው ብረት በመጨረሻ። ይህን ብረት አስቀድሞ ያሰረ ሰው በሩን በግድ ያነሳዋልና የማጠፊያውን ጥፋት አያይም።

ስትመጪ ከሱማሌ ተራ የሁለቱንም በሮች ጎሚኒ ይዘሽልኝ ነይ። በጣትሽ ተጫኚው፤ ተመልሶ የማይነፋ ከሆነ አትግዢው፤ ደረቅ ጎሚኒ በሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከአሮጌዎቹ ብሎኖች አንዱን በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፤ ለሻጩ አሳዪውና አምሳያውን ይስጥሽ። የቀኙን ብሎኖች ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ዘይት አጠጣልሻለሁ።

አባትሽ