ጉዳዩ፡ ያላዘዝነው የማይክሮዳያሊሲስ ፕሮብ ስለመጣልን

ለድርጅቱ የሽያጭ ክፍል

ፕሮፎርማችሁ ላይ በግልጽ የተጻፈው ባለ 100 ኪሎዳልተን ሜምብሬን ፕሮብ ነው፤ ማለትም ወንፊት መሰል ስስ ሽፋኑ (ሜምብሬኑ) እስከ 100 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝኑ ሞለኪውሎችን የሚያሳልፍ (ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው፤ ኪሎዳልተን ሺህ ዳልተን ነው)። የከፈልነውም ለእሱ ነው። የመጣልን ግን ባለ 20 ነው። ስደውል የሽያጭ ሠራተኛችሁ «ያው ነው፣ ርዝመቱም ውፍረቱም አንድ ነው» አሉኝ። ኧረ ያው አይደለም!

እኛ የምናጠናው የቆዳ ቁስልን ነው። ሴሎች በብግነት ጊዜ የሚላላኩባቸውን ሳይቶካይን የሚባሉ ፕሮቲኖች በማደንዘዣ ከተኛ በግ ቁስል ጠርዝ ላይ እንሰበስባለን። ቀጭኑ ፕሮብ ከቆዳው ስር ይገባል። በውስጡ ፈሳሽ ቀስ እያለ ያልፋል። በሜምብሬኑ ቀዳዳ መሹለክ የቻለው ብቻ ከፈሳሹ ጋር ይወጣል። ግሉኮስ 180 ዳልተን ስለሆነ በባለ 20ውም ችግር የለበትም። ከሳይቶካይኖቹ አንዱ የሆነው ቲኤንኤፍ አልፋ ግን ሦስት ሆኖ ተያይዞ ስለሚሄድ 52 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። በየት በኩል ይለፍ?

በባለ 100ው እንኳ የሚገኘው ቲሹው ውስጥ ካለው ጥቂቱ ነው። ትንሽ የተሻለ ለማግኘት ፍሰቱን በደቂቃ ወደ 0.3 ማይክሮሊትር እናወርዳለን። በሰዓት 18 ማይክሮሊትር መሆኑ ነው፤ አንድ ጠብታ እንኳ አይሞላም። ፈሳሹ በሰፊው ቀዳዳ ወደ ቲሹው እንዳይሰርግ ዴክስትራን የሚባል ትልቅ የስኳር ሞለኪውል እንጨምራለን። ፕሮቲኑ ቱቦው ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር ደግሞ አልቡሚን የሚባል ሌላ ፕሮቲን። ሜምብሬኑ ከተሳሳተ ይህ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

በጣም ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ባልደረባዬ የካርቶኑን ጽሑፍ ባታነብ ኖሮ መሣሪያው ምንም አያሳየንም ነበር። እኛም «እዚህ ቁስል ውስጥ ቲኤንኤፍ አልፋ የለም» ብለን እንጽፍ ነበር። በጉም በከንቱ ይቆስል ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት ደግሞ ማንም ሳያውቀው ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ባለ 100ው በእናንተ ወጪ ይቀየርልን። ከዕቃው ጋር የመጣው የፍተሻ ወረቀት የሚናገረው ስለ ግሉኮስ ብቻ ነው፤ አምራቹ በፕሮቲን የፈተሸው ካለ እሱንም ላኩልን። ዕቃው ከሌለ «የለም» በሉን፣ ገንዘባችንንም መልሱልን። ሳትጠይቁን ግን ሌላ አትተኩብን።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የምርምር ላብራቶሪው ኃላፊ