«ሴት ናት፣ አትጠራጠሩ» ተብላ የተሸጠች ጌኮ

ሰላም ለአዘጋጆቹ፣

እዚህ ሜሪላንድ ልጆቻችን ውሻና ድመት መጠየቅ ትተው እንሽላሊት ግዙልን ማለት ጀምረዋል። በተለይ ሌፐርድ ጌኮ የምትባለዋን፣ ቢጫ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን። አገሯ ወደ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ነው። አያቶች ሲያይዋት ያማትባሉ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔን ያስጻፈኝ የሻጮቹ ነገር ነው። ገና በቅርብ የተፈለፈለች፣ ጣት የማታክል ጌኮ ይዘው «ሴት ናት፣ አትጠራጠሩ» ይላሉ። ወላጅም ሁለት ሴት አይጣሉም ብሎ ሁለት ይገዛና አንድ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ከወራት በኋላ ሁለቱም ወንድ ሆነው ቁጭ! ሁለት ወንድ ጌኮ ደግሞ አብሮ አይኖርም፤ ይናከሳሉ፣ ጭራ ይቆረጣል። ጭራው መልሶ ይበቅላል፣ የድሮው መልክ ግን አይኖረውም።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ያደገ ወንድ በሆዱ በኩል፣ በኋላ እግሮቹ መካከል፣ በ«ለ» ፊደል ቅርጽ የተደረደሩ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሰም የመሰለ ነገር ይወጣቸዋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጭራው ሥር ሁለት እብጠት ይታያል። ሴቷም የቀዳዳ ምልክት አላት፣ ግን ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሰምም የለውም። ለማየት ብላችሁ በእጅ አትገልብጧት፣ ጭራዋን ጥላ ትሄዳለች። ከሥር በሚያሳይ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገብታችሁ ወደ ላይ አንጋጣችሁ እዩ።

ትንሽ ሳለች ግን ይሄ ሁሉ ገና አልወጣም። ልምድ ያለው ሰው በአጉሊ መነጽር ወንዱን ቀደም ብሎ ሊለየው ይችላል፣ ምክንያቱም የሚያየው ነገር አለ። «ሴት ናት» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ምንም ስላላየ ነው፣ እና ምንም አለማየት ደግሞ ወንድነቱ ገና አለመውጣቱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በትንሽነቷ «ወንድ ነው» ቢሏችሁ ይሻላል፤ «ሴት ናት» ካሏችሁ ግን በምን አወቃችሁ በሏቸው።

አንዳንዱ ሻጭ «እንቁላሉን ያስፈለፈልኩት በሴት ሙቀት ነው» ይላችኋል። ይሄኛው ቀልድ አይደለም። የሌፐርድ ጌኮ ፆታ የሚወሰነው እንቁላሉ በቆየበት ሙቀት ነው፤ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አብዛኞቹ ሴት ይሆናሉ፣ 32 ተኩል ገደማ ሲደርስ ወንዱ ይበዛል፣ ከዚያም በላይ 34 አካባቢ ሲሄድ (ይሄ ነው የሚገርመኝ) ተመልሶ ሴቱ ይበዛል። ግን «አብዛኞቹ» ነው የተባለው፤ በእጃችሁ ያለችው አንዷ ከየትኞቹ እንደሆነች ማን ያውቃል? ጭራዋን ሥር ተጭነው ወይም ቀጭን ነገር አስገብተው እንለይላችሁ የሚሉ ካሉ ደግሞ አይሆንም በሏቸው፣ ትንሿን ይጎዷታል።

ብቻ ለየብቻ አስቀምጧቸው፣ ጥቂት ወራት ጠብቁ። በመጨረሻ ሴት ሆና ከተገኘች ወንድ ባይኖርም እንቁላል ልትጥል ስለምትችል ካልሲየም አይጓደልባት፣ እርጥብ አፈር ያለበት ዕቃም አዘጋጁላት። እስከዚያው ልጆቹ ስም እናውጣላት ካሉ «ደስታ» በሏት፣ ለሁለቱም ይሆናል።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ