ላይብረሪውን ከመርገማችን በፊት የላከውን ኩዌሪ እንየው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) እና ስለ ዳታቤዝ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ባጭሩ የሚሉት ይሄን ነው፦ ኤስኪውኤልአልኬሚን የመሳሰሉ ላይብረሪዎች (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጃቸው፣ ፕሮግራመር የሚጠቀምባቸው ኮዶች) ሲስተም ያንቀራፍፋሉ፣ የሚያወጡት ኤረር ለሰው አይገባም፣ ለኛ የቀን አቆጣጠርም አይሆኑም፣ ስለዚህ እነሱን ትቶ ዳታቤዝ የሚታዘዝበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ በእጅ መጻፍ ይሻላል። የተንቀራፈፈ ሲስተም እኔም ሞልቶ አይቻለሁ። በጥፋተኛው ላይ ግን አልስማማም።

ሙያው ላይ ለሌለ አንባቢ ሁለት መስመር ልበል። ፓይተን የሚጽፍ ሰው ደንበኛ፣ ትዕዛዝ፣ ደረሰኝ እያለ በኦብጀክት ነው የሚያስበው። ዳታቤዙ የሚያውቀው ደግሞ ሠንጠረዥና ረድፍ ብቻ ነው። ላይብረሪው መሃል ገብቶ አንዱን ወደ ሌላው ይቀይራል፣ ኤስኪውኤሉንም ራሱ ጽፎ ይልካል። ኤስኪውኤልአልኬሚን ማይክ ቤየር የሚባል ፕሮግራመር በአውሮፓውያን 2006 አወጣው። እስካሁንም በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው።

ወደ መንቀራፈፉ ልምጣ። 200 ትዕዛዞችን በአንድ ገጽ ልታሳዩ ነው እንበል፣ ከያንዳንዱ ጎን የደንበኛውን ስም ጨምራችሁ። ትዕዛዞቹ በአንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ በሚላክ አንድ ጥያቄ) ይመጣሉ። ከዚያ ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ በሚያልፍባቸው ሉፕ ውስጥ የደንበኛውን ስም በጠራችሁ ቁጥር ላይብረሪው ሄዶ ያንን ደንበኛ ለብቻው ያመጣል፤ ደንበኞቹ ሁሉ የተለያዩ ከሆኑ በጠቅላላው 201 ኩዌሪ ሆነ ማለት ነው። ኮዱ ላይ የሚታየው ግን አንዲት ሉፕ ብቻ ናት። ጸሐፊው "አስማቱ ሲከዳ" ያሉት ይሄንን ይመስለኛል። አስማት የለውም እኮ! ኢንጂኑን (ላይብረሪውን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል) ስትፈጥሩ ኤኮ የሚለውን ትሩ ብትሉት የሚልከውን ኤስኪውኤል በሙሉ መስመር በመስመር ይዘረግፍላችኋል። አንድ ዓይነት ሴሌክት (መረጃ የሚያመጣ ኩዌሪ) ቁጥሩ ብቻ እየተቀየረ ስክሪኑን ሲሞላው ችግሩን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መድኃኒቱም እዚያው አለ፤ በአውሮፓውያን 2017 መጨረሻ በወጣው ቨርዥን 1.2 የገባው ሴሌክትኢንሎድ ትዕዛዞቹን በአንድ፣ ደንበኞቹን በሌላ አንድ ኩዌሪ ጠቅልሎ ያመጣል። ሁለት ኩዌሪ፣ አለቀ። ከዚህም በላይ መጠንቀቅ የፈለገ የትዕዛዙንና የደንበኛውን ግንኙነት ሬይዝ ላይ ማድረግ ይችላል፤ ያኔ ማንም ሳያስበው ሉፕ ውስጥ ኩዌሪ ሊያስነሳ ሲል ፕሮግራሙ ራሱ ኤረር ሰጥቶ ያስቆመዋል።

ሲስተሙ በቀን አንዴ ቀጥ ብሎ ይቆማል የሚለው ቅሬታም የታወቀ ነው። ላይብረሪው ሳይነካ ከተተወ ወደ ዳታቤዙ 5 ኮኔክሽን (መስመር) ይይዛል፣ ሲጨናነቅ 10 ይጨምራል፣ ከዚያ በላይ የመጣው 30 ሴኮንድ ጠብቆ ኤረር ያገኛል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሴሽን (ከዳታቤዙ ጋር የሚሠራበትን ክፍለ ጊዜ) ከፍቶ ሳይዘጉ መሄድ ነው። እኛ ጋ ግን የተለመደው መፍትሔ ቁጥሩን ወደ 100 ማሳደግ ነው፤ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ራሱ ካልተነገረው በቀር ከ100 በላይ ኮኔክሽን እንደማይቀበል የሚያስታውስ የለም። ከዚያ ዳታቤዙም አብሮ ይቆማል።

ኤረሩ አይገባም ለተባለው ደግሞ አንድ ልጥቀስ፣ ምክንያቱም በጣም የሚያናድደው እሱ ነው። ሰውየው ተራ ሴሌክት ይጽፋል። የሚመለስለት ኤረር ግን "ይሄ ዓምድ ባዶ መሆን አይችልም" የሚል፣ ገና ኮሚት ስላላደረገው (ስላላጸደቀው) ሌላ ረድፍ የሚያወራ ነው። ይገርማል አይደል? የሆነው እንዲህ ነው፦ ሴሽኑ ውስጥ የጨመራችሁት ነገር ካለ፣ ኩዌሪው አሮጌ መረጃ እንዳይመልስ ላይብረሪው መጀመሪያ የጨመራችሁትን ወደ ዳታቤዙ ይገፋዋል። ኦቶፍለሽ ይሉታል። ያ ረድፍ ገና አልተሟላም ነበርና ዳታቤዙ እምቢ አለ። ይሄንን ደግሞ ኤረሩ ራሱ ይናገራል፤ በኩዌሪው ምክንያት በመጣ ኦቶፍለሽ የተነሳ ነው፣ ጊዜው ሳይደርስ ከሆነ ኖ ኦቶፍለሽ የሚለውን ተጠቀም ብሎ በቅንፍ ጽፎታል። ከታች ደግሞ ማብራሪያው ያለበትን ሊንክ ይሰጣል። ማን ያነበዋል ግን?

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካውና እኔ ዋና የምለው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። የዚህ ላይብረሪ ሠራተኞች ስለ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) የሚነጋገሩት በአደባባይ ነው፣ ማንም ገብቶ ያነባል። ችግር ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ብቻውን የሚሮጥ አጭር ኮድ ነው። ሁለት ሠንጠረዥ፣ አንድ ግንኙነት፣ ኤስኪውላይት በሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ፣ ከነሙሉ ኤረሩና ከነቨርዥኑ። የመሥሪያ ቤታችሁን 40 ሞዴል ማንም ማየት አይፈልግም። ሰው ይሄን ሲሰማ የተገፋ ይመስለዋል። ግን ኮዱን እየቆረጠ፣ እየቀነሰ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የት እንዳለ ራሱ ያገኘዋል፣ ጥያቄውንም ሳይልከው ይቀራል። ባጉ እውነት የላይብረሪው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ያ አጭር ኮድ ወደ ቴስትነት ይቀየራል፣ ያው ስህተት በሚቀጥለው ቨርዥን ተመልሶ እንዳይመጣ ይጠብቃል። ማይክ ቤየር ከስንት ዓመት በኋላም ለጀማሪ ጥያቄ ሳይቀር ራሱ ሲመልስ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዴ ቆጣ ብሎም ቢሆን።

እኛ ጋስ? ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ይለጠፋል፣ ግማሹ የተቆረጠ፣ መብራት ያንጸባረቀበት፣ "ኤረር አለው እርዱኝ" ከሚል ጋር። ሐኪም ዘንድ ገብቶ የት እንዳመመው ሳይናገር እንደሚቀመጥ ሰው ነው። መልሱም ከጥያቄው አይሻልም፦ "ሪስታርት አድርገው"፣ "ቬንቩን አጥፋና እንደገና ፍጠር"፣ "ጃንጎ ብትጠቀም ይሻልሃል"። በነጋታው መቶ መልእክት ተጭኖበታል፣ ያው ጥያቄ በሌላ ልጅ እንደገና ይመጣል። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳያቸው ሰው የለም፣ በእንግሊዝኛ በአደባባይ መጻፍም ያሳፍራቸዋል።

ላይብረሪው እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። መጋቢት 2021 ላይ ቨርዥን 1.4፣ ጥር 2023 ላይ 2.0 ሲወጡ (ሁለቱም በአውሮፓውያን) ኩዌሪ የሚጻፍበት መንገድ ተቀየረ፣ ኢንተርኔቱ ግን እስካሁን በአሮጌው መንገድ በተጻፉ መልሶች የተሞላ ነው። ጀማሪ የትኛው የቱ እንደሆነ በምን ይለየው? ኤሲንክ (አንዱ ሥራ ሌላውን ሳይጠብቅ የሚሄድበት አጻጻፍ) ላይ የሚመጣው "ሚሲንግ ግሪንሌት" የሚለው ኤረር ደግሞ ስሙን ሰምቶ ምን እንደሆነ የሚገምት ሰው ካለ እጅ እነሳዋለሁ። ጸሐፊው በነዚህ ቢያማርሩ ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር።

የቀን አቆጣጠሩ ላይ ግን ተሳስተዋል። 13ኛ ወር አልቀበልም የሚለው ፓይተን ነው፤ የራሱ የቀን ዓይነት ከ12 በላይ ወር አያውቅም፣ ጳጉሜን ስትሰጡት ኤረር ይመልሳል። ላይብረሪው እንዲያውም መግቢያ ትቶልናል፣ ታይፕ ዲኮሬተር ይባላል። ሁለት ፈንክሽን ትጽፋላችሁ፤ አንዱ ወደ ዳታቤዝ ሲገባ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ይቀይራል፣ ሌላው ሲወጣ ወደ ኛ ይመልሳል። ዳታቤዙ የያዘው እውነተኛ ቀን ስለሆነ ቅደም ተከተሉም፣ "ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን" የሚለው ፍለጋም በትክክል ይሠራል። ቀኑን እንደ ጽሑፍ "5/13/2016" ብሎ ማስቀመጥ ግን መዘዝ አለው፤ ሲደረደር 10ኛው ቀን ከ2ኛው ይቀድማል፣ ሪፖርቱም ይበላሻል። በእጅ በተጻፈ ኤስኪውኤልም ቢሆን ይሄው ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ጸሐፊው የተንቀራፈፈባቸውን ኮድ አሳጥረው፣ ኤኮ ከዘረገፈው ኤስኪውኤል ጋር በሚቀጥለው እትም ያውጡት። እኔም ሌሎች አንባቢዎችም እንየውና መልሳችንን እንላክ። ባጉ የላይብረሪው ሆኖ ከተገኘ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ