ዋጋ ስትጠሪ ይሉኝታ አይያዝሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ጠንክሯል፤ ጦሳ ጉም ለብሶ ነው የሚውለው።

ስለ አዲሱ ሥራሽ ያጫወትሽኝን ደጋግሜ አሰብኩት። ለሴቶች በሚዘጋጅ የኦንላይን ሚዲያ ቢዝነስ ዴቨሎፕመንት፤ ስፖንሰርና ማስታወቂያ ማምጣት ማለት ነው። አክስትሽ «ታዲያ ደላላ ሆነች ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ደላላ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል። አንቺ ዘንድሮ ያመጣሽው ስፖንሰር ለከርሞም እንዲመለስ ማድረግ አለብሽ። የምትጽፈዋም፣ ካሜራ የምትይዘዋም ደመወዝ የሚያገኙት አንቺ ከምታመጪው ውል ነው።

የሚያሳስበኝ ይሉኝታሽ ነው። የወሎ ልጅ ነሽ። ያለንን ሁሉ አቅርበን «ምንም የለም እኮ» የምንል ሰዎች ነን። ይህ ለእንግዳ ደግ ነው፤ ለድርድር ግን አይሆንም። እኔ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ዋጋ ጠርቼ ዝም እላለሁ። ከባዱ ዝምታው ነው። ብዙ ሴቶች ገዢው ሳይናገር ራሳቸው ይቀንሳሉ። አንቺም ዋጋሽን ከተናገርሽ በኋላ «ካልሆነም እንነጋገራለን» አትበይ። እነሱ ይናገሩ።

ማርች 8 ሲደርስ ድርጅቶች ሴቶችን ያስታውሳሉ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ዝም። «በነፃ ሥሩልን፣ ስማችሁ ይታወቃል» የሚሉም አይጠፉም። በስም የቤት ኪራይ አይከፈልም። የዓመት ውል ጠይቂያቸው። በወር ስንት ጽሑፍ፣ ስንት ቪዲዮ፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚገባ በወረቀት ይስፈር።

የነገርሽኝ የአሜሪካኖቹ ታሪክ ልቤ ገብቷል። እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ሦስት ሴቶች ብሎግኸር የተባለውን ድርጅት ሲጀምሩ የተነሱት «ሴት ብሎገሮች የታሉ?» ከሚለው ጥያቄ ነበር። በአንድ ጉባኤ ጀመሩ። ቀጥለው የብዙ ሴቶችን ብሎግ አሰባስበው ማስታወቂያ በጋራ ሸጡ፤ ገቢውንም ከጸሐፊዎቹ ጋር ተካፈሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ድርጅቱን ሺኖውስ ሚዲያ የተባለ ኩባንያ ገዛው። እኔን የገረመኝ ሽያጩ አይደለም። ለየብቻ ማንም የማይሰማቸው ሴቶች አብረው ሲመጡ ትልልቅ ኩባንያዎች በር መክፈታቸው ነው። እዚህም ይቻላል። ደሴና ኮምቦልቻ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ብቻቸውን የሚለፉ ሴቶች ሞልተዋል። ፈልጊያቸው። እናት ባንክንስ ሴቶች ተሰባስበው አይደል በ2005 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት? በመጀመሪያ የምታንኳኪው በር እሱ ይሁን።

ገንዘብ ይዞ የመጣውን ሁሉ ግን አታስገቢ። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ይመጣልሻል፤ አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፣ ኩላሊት ይጎዳል። የሕፃናት የዱቄት ወተትም ይመጣል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ደንብ የእናት ጡት ወተትን የሚተኩ ምርቶች ለሕዝብ ማስታወቂያ ሊሠራላቸው አይገባም። የምታነብሽ አራስ ሌሊት ልጇን ታቅፋ ስልኳን የምትከፍተው እንደ እህቷ አምናሽ ነው። እሷን የሚጎዳ ውል ስንት ሚሊዮን ቢሆን ይቅር። የተከፈለበት ጽሑፍም «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፍበት፤ በዚህ ጉዳይ ከአለቃሽም ጋር ቢሆን ተከራከሪ።

አሁን ወደ ራስሽ ውል። ከደመወዙ ሌላ ኮሚሽን አለው ብለሽኛል። ስንት በመቶ? የሚታሰበው ውል ሲፈረም ነው ወይስ ገንዘቡ ሲገባ? ስፖንሰሩ ለከርሞ ሲያድስስ ድርሻ አለሽ? እነዚህን ሳታጣሪ እንዳትፈርሚ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። አጎትሽ እሑድ ከኮምቦልቻ ይመጣል፤ አብረን እናነበውና ማታ እንደውልልሻለን።

ዱአዬ ካንቺ ጋር ነው።

እናትሽ፣ ከደሴ