የጭነት መኪናውን ከዋናው መንገድ አንስታችሁ በልጆቻችን ላይ ለቀቃችሁት

ይድረስ ለከተማችን የመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን በእጄ ይዤ መጥቼ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ሦስቱም ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ማኅተምም ተመቶባቸዋል። መልስ ግን የለም። ስደውል "ስብሰባ ላይ ናቸው" እባላለሁ። ስመጣ ደግሞ "ለመስክ ወጥተዋል"። ባለፈው ጊዜ አንዲት ሠራተኛ አዝና "ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ" አለችኝ። በእሷ ቅሬታ የለኝም። የራሴ ጉዳይ ቢሆን እታገሥ ነበር። ይህ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጄ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ጻፍኩት።

ነገሩን እርስዎ በደንብ ያውቁታል። ውሳኔው ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ሌላው አንባቢ እንዲገባው ግን በአጭሩ ልናገር። ከባድ የጭነት መኪኖች ቀን ቀን በዋናው መንገድ እንዳያልፉ ታገደ። ምክንያቱ መጨናነቅን መቀነስና የእግረኛን ደኅንነት መጠበቅ ነው ተባለ። ጥሩ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ስሰማው እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ዋናው መንገድ መግቢያ ላይ "አትግባ" የሚል ምልክት ተተከለ። ሥራው በዚያው አለቀ። ሾፌሩ ታዲያ በየት በኩል ይሂድ? ይህን የነገረው የለም። ምልክቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ባለ ተሳቢ መኪና ዞሮ የሚመለስበት ቦታም የለም። በስተቀኝ ያለው የመጀመሪያው መታጠፊያ የእኛ መንገድ ነው። በእኛ መንገድ ላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ።

እገዳው በጀመረ በሁለተኛው ቀን ጠዋት መስኮቴ ሲንቀጠቀጥ ነቃሁ። ስወጣ ሦስት ተሳቢዎች ተከታትለው ቆመዋል። ከፊት ያለው ተሳቢ ቤት ደጃፍ ከቆመች ትንሽ መኪና ጋር ተፋጦ ማለፍ አቅቶታል። ከኋላው ያሉት ክላክስ ያደርጋሉ። በመሃላቸው ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እየተሹለከለኩ ወደ ትምህርት ቤታቸው ይሄዳሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ሆነን ቀረን።

ሾፌሮቹን አልወቅስም። አንዱን ጋቢናው ሥር ቆሜ "እዚህ ለምን ትገባለህ? የልጆች መንገድ እኮ ነው" ብዬው ነበር። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ "ወንድሜ፣ ደስ ብሎኝ የገባሁ ይመስልሃል? በፊት ለፊት አትግባ ይላል። ወደ ኋላ አልመለስ። ጭነቱን ዛሬ ካላደረስኩ ባለንብረቱ አይምረኝም። በየት ልሂድ?" የምመልሰው አጣሁ። መልሱ መኖር ያለበት እርስዎ ጋ ነው።

አሁን ስለ ልጄ ልንገርዎ።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጄና ሁለት ጓደኞቿ መታጠፊያው ጥግ ላይ ቆመው ነበር። የቆሙት የእግረኛ መንገዱ ላይ ነው። አስፋልቱ ላይ አልወረዱም። ይህን ከሦስት ሰው ጠይቄ አጣርቻለሁ። አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ፍሬቻውን ወደ ቀኝ አብርቶ መጣ። ልጆቹ አዩት፣ ቆመው ጠበቁት። ጋቢናው አለፈ። የፊት ጎማው አለፈ። ልጆች ናቸውና መኪናው ያለፈ መሰላቸው።

የተሳቢ የኋላ ጎማ ግን መታጠፊያ ላይ የፊቱን ጎማ ዱካ አይከተልም። ወደ ውስጥ ይቆርጣል። መኪናው በረዘመ፣ መታጠፊያው በጠበበ ቁጥር የበለጠ ይቆርጣል። መንገድ የሚነድፍ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ረዥም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ተስሎ ይታያል። የእኛን ጥግ የሳለው ሰው እንደሌለ አሁን እርግጠኛ ነኝ። ጎማው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ወጣ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጄን በቦርሳዋ ማንጠልጠያ ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት። በእጇ የያዘችው የውኃ መያዣ ወደቀ።

የውኃ መያዣው እኔ ጋ አለ። ሰማያዊ ነው። እንደ ወረቀት ሆኖ ሳስቷል። ክዳኑ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰምጦ ገብቷል፣ ላላቅቀው ብል አልላቀቅ አለኝ። ስሟን የጻፍኩበት ነጭ ፕላስተር ላይ የጎማው ጥርስ ታትሟል። የልጄ እግር ከዚያ ዕቃ የነበረው ርቀት አንድ ጫማ ቢሆን ነው።

ሾፌሩ አልቆመም። ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ አላየም። የነዚህ መኪኖች ጋቢና ከፍ ያለ ነው። በቀኝ በኩል ጥግ ይዞ የቆመ ትልቅ ሰው እንኳ ከሾፌሩ ዓይን ሊሰወር ይችላል፣ ልጅማ ጭራሽ አይታየውም። ይህም አዲስ ግኝት አይደለም። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ከ12 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና ፈቃድ ሳይይዝ እንዳይገባ አድርጋለች። ፈቃዱን ለማግኘት ሾፌሩ ከጋቢናው ሆኖ በቀጥታ በዓይኑ ምን ያህል እንደሚያይ ይለካል። እይታው ደካማ ከሆነ ተጨማሪ የደኅንነት መሣሪያ እንዲገጠም ይገደዳል። አንድ ከተማ ይህን ያህል የሚጨነቅበት ነገር እኛ ጋ በአንድ ምልክት ተዘጋ።

በማግስቱ የውኃ መያዣውን ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ጉዳዩን የሚመለከቱት ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በትሕትና አዳመጡኝ። ስጨርስ "ልጅቷ ተጎድታለች?" ብለው ጠየቁኝ።

"ኧረ ተርፋለች" አልኳቸው።

"እንግዲያው የአደጋ ሪፖርት የለም ማለት ነው። ሪፖርት ከሌለ ደግሞ መንገዱን አደገኛ ብለን መመዝገብ አንችልም" አሉኝ። ከዚያ የውኃ መያዣውን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አድርገው መዝገባቸውን ዘረጉ። የሦስተኛው ደብዳቤዬ ቁጥር የተጻፈው ያን ጊዜ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ተሳቢው ብቻ አይደለም። ደም ካልፈሰሰ መዝገብ አይከፈትም መባሌ ነው። ልጄ ብትሞት ኖሮ መንገዱ አደገኛ ይባል ነበር። ስለተረፈች ደህና መንገድ ነው። ይህን ለየትኛው ወላጅ መናገር ይቻላል?

ደግሞም ስሌቱ ራሱ ስህተት ነው። ዋናው መንገድ የታገደው እዚያ የደረሰው አደጋ ተቆጥሮ ነው። ትክክል ነው፣ መቆጠር አለበት። የእኛ መንገድ ላይ ግን ቁጥሩ ዜሮ የሆነው ተሳቢ ገብቶበት ስለማያውቅ ነው። በዚያ ዜሮ ተማምኖ ተሳቢ መልቀቅ ማለት ቁጥሩ እስኪሞላ በልጆቻችን መጠበቅ ነው። ዓይን ያለው ሰው ጥጉ ላይ ቆሞ አሥር ደቂቃ ቢያይ ይበቃዋል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተሰባብሯል። ጎማ የወጣበት ጥቁር ዱካ አለ። እነዚህ ሪፖርት አይደሉም?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌር ልጅ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ያቺ ሰከንድ ታልፋለች። መንገዳችን ደግሞ ከአጥር እስከ አጥር 14 ሜትር አይሞላም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የብዙ አገር ሚኒስትሮች ስቶክሆልም ላይ ተሰብስበው እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ያሳሰቡት እንዲህ ያለውን ነገር አይተው ነው። በእኛ መንገድ ላይ የፍጥነት ወሰን የሚናገር ምልክት የለም። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም የለም።

የልጆቹን ነገር ለጊዜው እንተወው ቢሉኝ እንኳ፣ አስፋልቱስ? ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ የሙከራ መንገድ ሠርተው የጭነት መኪና ቀንና ሌሊት ሲያመላልሱበት ቆዩ። መንገዱ እንዴት እንደሚበላሽ ለኩ። ከዚያ የወጣውን ደንብ የመንገድ መሐንዲስ በቃሉ ያውቀዋል፦ በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያለው ክብደት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ስሌት ግማሽ ቶን የሚጫነው የቤት መኪና አክስል አንድ ጊዜ ሲያልፍ ከሚያደርሰው ጉዳት፣ አሥር ቶን የተሸከመ አክስል የሚያደርሰው 160,000 ጊዜ ይበልጣል። ዋናው መንገድ ሥሩ ወፍራም ሆኖ የተሠራው ለዚህ ነው። የእኛ መንገድ ለቤት መኪና የተሠራ ስስ አስፋልት ነው። ገና ካሁኑ ጠርዝ ጠርዙ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውኃ ሲገባ ሥሩ ይላላል፣ ከዚያ ጉድጓድ ነው። የሚጠገነው ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ ነው።

አስተማሪዎቹ ደግሞ በመንገዱ በኩል ያሉትን የክፍል መስኮቶች መዝጋት ጀምረዋል። ጩኸቱ ሲቀንስ ሙቀቱ ይጨምራል። ከተከፈተ ጭሱ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጦ በአንደኛው ምድብ አስቀምጦታል። ልጆቻችን ይህን የሚስቡት ፊደል እየቆጠሩ ነው።

እገዳውን አንሡ አላልኩም። የዋናው መንገድ ሰዎችም ልጆች አሏቸው። የምለው፦ እገዳ ግማሽ ሥራ ነው። መኪናው አትግባ ስለተባለ አይጠፋም፣ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ መወሰን የእናንተ ሥራ ነው። ለንደንን በድጋሚ ላንሳ፣ ከባድ መኪናን በሌሊትና በሳምንት መጨረሻ መቆጣጠር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። እዚያ ሾፌሩ የተከለከለውን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። የተፈቀዱለት መንገዶች ተለይተዋል። ወደ ውስጥ መግባት ካለበትም ከተፈቀደው መንገድ የሚወጣው መድረሻው አጠገብ ሲደርስ ነው። እኛ ጋ ይህን ለማድረግ ካርታና አንድ ሳምንት የሚበቃ ይመስለኛል። የኢንዱስትሪ ሰፈሩን ዞሮ የሚያልፈው ሰፊ መንገድ ክፍት ነው። ሾፌሮቹ ራሳቸው ነግረውኛል። ችግሩ ወደዚያ የሚወስደው መታጠፊያ ከምልክቱ በፊት ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ መሆኑና እዚያ ምንም የሚናገር ነገር አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ምልክቱን ሾፌሩ ገና መምረጥ በሚችልበት ቦታ ትከሉት፣ በየት እንደሚሄድም ጻፉበት። በእኛ መንገድ ላይ ለሰፈሩ ዕቃ ከሚያደርስ መኪና በቀር ከባድ መኪና እንዳይገባ አግዱ። ዕቃ የሚያደርሰውም ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት አይግባ። ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት መኪኖቹ ወዴት እንደሚሄዱ የተጠና ነገር ካለ ደግሞ አሳዩን። ከሌለም የለም በሉን። እኛን ሳትጠይቁ የወሰናችሁትን ቢያንስ አሁን ከእኛ ጋር ተቀምጣችሁ አስተካክሉት።

ለልጄ ሌላ የውኃ መያዣ ገዝተንላታል። በእጇ ግን አትይዘውም። ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት "ጥጉ ጋ ስደርስ እጄ ባዶ ይሁን" አለችኝ። አሁን መንገድ ስትሻገር በሁለት እጇ ሰው ትይዛለች።

መልስዎን እስክናገኝ እኛ ወላጆች በተራ ጥጉ ላይ እየቆምን ልጆቹን እናሻግራለን። ሁላችንም ሥራ አለን፣ ግን ምን እናድርግ። የዚህ ሳምንት ተራ የእኔ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ30 ጀምሮ እዚያ ያገኙኛል። የውኃ መያዣውንም ይዤው እመጣለሁ።

አንድ የተማሪ ወላጅ