ራሱን በሳተ ሕመምተኛ ራስጌ ስለሚነገረው ነገር

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

በጎንደር ከተማ በነርስነት የማገለግል አንባቢያችሁ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ራሱን ስቶ በተኛ ሰው አልጋ አጠገብ ዘወትር የምሰማው ንግግር ነው። ከመተማ ቆላ በወባ ተጎድቶ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ፣ በባጃጅ አደጋ ጭንቅላቱን የተመታ ወጣት ወይም በስትሮክ የወደቁ እናት ሲጠሩ መልስ ካልሰጡ፣ ቤተሰብም እኛም «አይሰሙም» ብለን እንደመድማለን። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ሕመምተኞችን እየዞሩ በሚያዩበት በራውንድ ሰዓት ተስፋ እንደሌለው እዚያው ይነገራል፤ ዘመድም ቀብሩ በየትኛው ደብር እንደሚሆን፣ ለእድሩ ማን እንደሚናገር፣ አንዳንዴም ቤቱ ለማን እንደሚደርስ ከራስጌው ቆሞ ይመካከራል።

ይህ ድምዳሜ ትክክል ላይሆን እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 አድሪያን ኦወን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ከመኪና አደጋ በኋላ ለወራት ምንም ምላሽ ያልሰጠች የ23 ዓመት ወጣት የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው ኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ሳለች ቴኒስ ስትጫወት፣ ቀጥሎም በቤቷ ክፍሎች ስትዘዋወር በሐሳቧ እንድታይ ጠየቋት፤ አንጎሏም ልክ እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል ትእዛዙን ተከትሎ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በተለያዩ አገሮች በተካሄደ ጥናት፣ በአልጋቸው ላይ ሲታዘዙ ምንም ምላሽ ካልሰጡ 241 ሰዎች መካከል 60ዎቹ፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ በኤምአርአይ ወይም የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው በኢኢጂ ሲመረመሩ ትእዛዙን በአንጎላቸው ሲፈጽሙ ተገኝተዋል።

በቀሩት ላይ ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልታየም። ዓይን መግለጥ፣ ማዛጋት ወይም የተሰጠን እጅ መጨበጥ ያለ ንቃት ሊከሰት ስለሚችል፣ በዚህ ብቻ ለቤተሰብ ተስፋ መስጠት ሌላ ጭካኔ ነው። የአንጎል ሞት የተረጋገጠበት ሰው ጉዳይም ከዚህ የተለየ ነው።

እንዲህ ያለው ምርመራ በእኛ አገር ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ እንደማይደርስ ግልጽ ነው። ነገር ግን ብዙው ስህተት የሚፈጠረው ውድ መሣሪያ በመጥፋቱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ሐኪሞች ተስማምተው ንቃት የላቸውም ካሏቸው 44 ሰዎች ውስጥ 18ቱ፣ ደረጃውን በጠበቀ የአልጋ ዳር ምርመራ ሲታዩ ጥቂት ንቃት እንዳላቸው ተረጋግጧል። ከዚህ ምርመራ አንዱ ክፍል የእጅ መስታወት ብቻ የሚጠይቅ ነው፦ መስታወቱን ከፊቱ ይዞ በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስና ዓይኑ ይከተለው እንደሆነ ማየት። የሌላ ሰው ፊት ወይም ጣት ሲንቀሳቀስ የማይከተል ዓይን የራሱን ፊት ሊከተል ይችላል። ንቃቱ በቀኑ ውስጥ ስለሚለዋወጥ፣ ጠዋት ያልታየ ነገር ከሰዓት በኋላ ሊታይ ይችላልና አንድ ጊዜ ሞክሮ መተው አይበቃም። በተለይ ስትሮክ የአንጎል ግንዱን (አንጎልን ከአከርካሪ ሰረሰር ጋር የሚያገናኘውን ክፍል) የመታው ሰው አእምሮው ሙሉ ሆኖ ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ከማንቀሳቀስ በቀር ሌላው አካሉ ሊከዳው ስለሚችል፣ «ወደ ላይ ይመልከቱ» ብሎ ሳይጠይቁ አይሰማም ማለት ከባድ በደል ነው።

ስለዚህ የሆስፒታሎቻችን ኃላፊዎች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። የመዳንና የመሞት ጉዳይ ከአልጋው ርቆ፣ በር ተዘግቶ ይነገር። ነርስ መርፌ ከመውጋቷ ወይም ከማገላበጧ በፊት ሕመምተኛውን በስሙ ጠርታ የምታደርገውን ትንገረው። አስታማሚም ከሁሉ በላይ ሕመምተኛውን የሚያውቅ ስለሆነ፣ ያየው ለውጥ «ጓጉተህ ነው» ተብሎ ሳይጣል ከሰዓቱ ጋር በካርዱ ላይ ይመዝገብ፤ ተረኛው ሐኪምም በዚያው ቀን ደግሞ ይመርምረው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ከጎንደር